ዘመድ በጡሩምባ አይረዳም

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አያ ስንሻው የተቀበሩ ዕለት ጡሩምባ የሚነፋላቸው ሰው ጠፋ። ስንቱን የደብረ ማርቆስ ሰው ለቀብር ሲጠሩ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ጠሪ አጡ። በመጨረሻ የእድሩ ሰብሳቢ ደሳለኝ ጡሩምባውን አንስቶ ሞከረው፤ የታነቀ ፍየል የመሰለ ድምፅ ወጣ። አያ ስንሻው ቢሰሙት ኖሮ "ተወው ልጄ፣ ሟቹንም ታሳፍረዋለህ" ይሉት ነበር ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

እኔ በቀን አስተማሪ ነኝ፤ በእድሩ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ መጀመሪያ የእኔን በር ያንኳኳል፤ እኔ ደግሞ የአያ ስንሻውን በር አንኳኳለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ሌላው ሰው ጎረቤቱን በሰርግና በገበያ ያውቀዋል፤ እኔ እሳቸውን ያወቅኋቸው በሰው ሞት ነው። እንዲያም ሆኖ እንደ እሳቸው ያሳቀኝ ሰው የለም።

ቁመታቸው መለሎ ነበር። በር ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ፤ ከገቡ በኋላ ቀና ማለቱን ይረሱታል። በጉልምስናቸው ወፍጮ ቤት ነበር የሠሩት፤ ሲስሉ "ዱቄቱ ገና አልወጣልዎትም?" እያልን እንቀልድባቸዋለን። ሚስታቸው ቀድማቸው አልፋለች፤ ልጅ አልወለዱም። ያ ሁሉ ሳል ግን ጡሩምባውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ለሽማግሌ ሲነፉ ረዘም፣ ረጋ ያደርጉታል። ለወጣት ሲነፉ ደግሞ ጀመር ያደርጉና ይቆርጡታል፤ እንደገና ጀምረው ይቆርጡታል። ሴቶች ስም ሳይጠራ ገና "ኧረ ይኸስ የልጅ ነው!" ብለው ከየቤታቸው ይወጣሉ። ይህን አነፋፍ ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቃቸው "የሚያለቅስ ሰው ሰምተህ አታውቅም?" ብለው መለሱልኝ።

ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በራቸውን ሳንኳኳ የሚጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነበር። "ማን ሞተ?" አይሉም። "ያልሰማ ዘመድ ማን አለ?" ነው የሚሉት። እናት፣ እህት፣ ወንድም፣ ልጅ ሳይረዳ ጡሩምባ አያነሱም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ቁጭ ይላል፤ መርዶውን በለሰለሰ አፍ ይነግራል። ከዚያ ወዲያ ነው ጡሩምባው። "ጡሩምባ ለጎረቤት ነው፤ ዘመድ በጡሩምባ አይረዳም" ይላሉ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልቆጥረው አልችልም፤ አንዳንዴ እንደውም ይሰለቸኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የሰፈራችን ልጅ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ሬሳው እየመጣ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፤ መቃብር ይቆፈራል፤ ደሳለኝ እንደ ልማዱ ተቻኮለ። እናትየዋ ግን ገና አልሰማችም፤ ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ቁይ ከተማ ሄዳ ነበርና እየተመለሰች ነው ተባለ። አያ ስንሻው ጡሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"አያ ስንሻው፣ ሬሳው ሊደርስ ነውኮ!" አለ ደሳለኝ።

"ሬሳው አይቸኩልም" አሉ። "ገና የምትሞተው እናትየዋ ናት። ለእሷ ሰው ላክላት።"

ፀሐይ እስኪሞቅ ከዚያ ድንጋይ አልተነሡም። ሴትዮዋ መናኸሪያ ስትደርስ ሽማግሎች ተቀብለው፣ ቤት አስገብተው፣ ውሃ አስጠጥተው ነገሯት። የእሷ ጩኸት ሲሰማ ነው አያ ስንሻው ተነሥተው የነፉት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ድረስ ስማቸው ሲነሣ "እኔን በሰው እጅ ያስረዱኝ" ትላለች።

ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አምበር ከተማ ቀብር ደርሰን ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው መስኮቱን እያዩ ነገሩኝ። ታደገ የሚባል ታላቅ ወንድም እንዳላቸው አውቅ ነበር። ከገበያው ማዶ ነው የሚኖሩት። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይተላለፋሉ። ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረኝም።

"እናታችን እዚሁ አምበር ነው ያረፈች" አሉኝ። "አያ ታደገ ያኔ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ነበር። ስልክ የለ፣ ምን የለ። ሰው ልላክበት ወይስ ልተወው ስል፣ ለቀብር አይደርስም፤ በሰው አገር ብቻውን ከሚያለቅስ ሲመጣ እነግረዋለሁ አልኩና ተውኩት።"

"ታዲያስ?"

"ሲመለስ ደምበጫ ላይ ከአንድ ያገራችን ሰው ጋር አንድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሰውየው 'የእናትህ አርባ እንዴት ዋለ?' አለው። እንግዲህ ከዚያ እስከ ማርቆስ አውቶቡስ ውስጥ ሰው መሀል ተቀምጦ መጣ።"

ከዚያ ብዙ አልተናገሩም። እርቅ አልሞከራችሁም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው "እሱ ና አላለኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ አላልኩት። እንዲሁ አረጀን" አሉና ሳላቸው ያዛቸው።

ባለፈው ዓመት ሕይወት መጣች። ሕይወት እዚሁ ሰፈራችን ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሥራ ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ስለ ሰፈራችን ጥበበኞች ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ተነሣች። አንዲት ስፌት የሚሰፉ እናት፣ አንድ መሰንቆ መቺ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚጠልፉት መሪጌታ ይኄይስ ተመረጡ። ቀጥላ አያ ስንሻው ዘንድ መጣች።

"እኔ ምን ጥበብ አለኝና?" አሏት። "እኔ ክፉ ወሬ ነው የማወራ።"

"አነጋገሩ ነው እኮ ጥበቡ" አለቻቸው።

ደስ አላቸው። ደስታቸውን ለመደበቅ ያለ ወትሯቸው ረጅም ሳል ሳሉ።

የቀረጻው ዕለት እኔም መሪጌታም ነበርን። ሕይወት ካሜራዋን አስተካክላ "አሁን ልክ ሰው እንደሞተ አድርገው ይንፉና ይጥሩልኝ" አለች።

"የማንን ስም?"

"የፈለጉትን። የፈጠራ ስም ይሁን።"

"አንች ልጅ፣ የፈጠራ ስም የሚባል አለ እንዴ? አበበ ብል ስንት አበበ አለ፤ የአንዱ ሚስት ሰምታ ትወድቃለች።"

"በቃ ድሮ የሞተ ሰው ይጥሩ" አልኩ እኔ።

"ልጆቹስ? የዳነ ቁስል ልነካካ?"

ሕይወት ግራ ገባት፤ ፀሐይዋም እያለፈችባት ነው። አያ ስንሻው ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው የራሴን እጠራለሁ" አሉ። "እኔ ሞተ ብባል የሚደነግጥ ዘመድ የለኝም።"

መሪጌታ ደነገጡ። "ተው ስንሻው! በገዛ ራስ ማሟረት ደግ አይደለም።"

"ሞት ስሜን ከእኔ አፍ ሊሰማ ሲጠብቅ የኖረ መሰለዎት እንዴ?" ብለው ሳቁና ጡሩምባውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ነፉት፤ ረዘም፣ ረጋ አድርገው፣ ለሽማግሌ እንደሚነፋው።

ፊልሙ የታየው እሑድ ወደ ማታ ነው። የቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡን አልችል ስላለ ወደ ውጭ፣ ወደ ሜዳው ተወጣ። ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ተወጠረ። ድምፅ ማጉያውን ለሰርግ ከሚያከራይ ሰው ነበር ያመጡት፤ ሙሽራውን ራሱን የሚያደነቁር ዓይነት ነው። ጀንበር ገባ እንዳለች ተጀመረ። አያ ስንሻው የታጠበ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። የስፌቷ እናት አለፉ፤ መሰንቆው አለፈ፤ መሪጌታ በወርቅ ዘቦ ክር ሲጠልፉ ታዩ። ከዚያ ያ ረጅም ቁመት ግድግዳውን ሞላው፤ ልጆች በእልልታ ተቀበሉት። ጡሩምባው ተነፋ።

"ስማ! ያልሰማህ ስማ! የእድራችን አባል አቶ ስንሻው ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው! ስማ!"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። የድምፅ ማጉያውን አፍ ወደየት እንዳዞሩት ግን ማናችንም ልብ አላልንም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ጎረቤቶች ከየጓሮው እየሮጡ መጡ። አንዲት መነኩሲት "ወየሁ ስንሻው! ወየሁ!" እያሉ ደርሰው ሰውየውን ከነነፍሳቸው ሲያገኟቸው በመቋሚያቸው ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው። "አንተ ሌባ! በል እንባዬን መልስ!" ሰው ሳቀ። አያ ስንሻው ተነሥተው የመነኩሲቷን ጉልበት ሳሙ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋታ ነበር።

ፊልሙ አልቆ ውይይት ተጀመረ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ተነሥቶ፣ ዛሬ እድሩ የቴሌግራም ቡድን ስላለው ጡሩምባ እንደ ጥበብ ተቀርጾ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፣ ለሥራው ግን ስልክ ይበቃል አለ። ሰው አጉረመረመ። ሕይወት ማይክሮፎኑን ለአያ ስንሻው ሰጠቻቸው። ቆሙ። እንደዚያ ዕለት ቀና ብለው የቆሙበትን ጊዜ አላስታውስም።

"ልጄ ልክ ብለሃል፤ ስልክ ይፈጥናል" አሉ። "ሞት ግን በፍጥነት የሚነገር ነገር አይደለም። ጡሩምባውም ቢሆን ለጎረቤት ነው እንጂ ለዘመድ አይደለም። ዘመድ በሰው ነው የሚረዳ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ይዞ ነው የሚነግረው። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ አንድም ዘመድ በጡሩምባዬ…"

ከሜዳው ጫፍ አንድ ድምፅ መጣ። "ወንድሜን! ወንድሜን! ሳንታረቅ! ሳንታረቅ ጥለኸኝ!"

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አያ ታደገ ነበሩ። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል፤ አንዱ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ደረታቸውን እየመቱ ከገበያው ማዶ ድረስ ሮጠው መምጣታቸው ነው። ሰው ሊይዛቸው ሲሞክር እየገፉ እስከ ፊት ደረሱ። ያኔ ወንድማቸውን ማይክሮፎን ይዘው ቆመው አዩአቸው። ከጀርባቸው አቡጀዲው ላይ ያው ፊት ተስሎ ቆሟል።

ለቅሶው ተቋረጠ። አያ ስንሻው ማይክሮፎኑን ከአፋቸው ማራቅ ስለረሱት ትንፋሻቸው ሜዳውን በሙሉ ሲሞላ ይሰማ ነበር።

"ደህና ነህ" አሉ አያ ታደገ። እየጠየቁ አልነበረም።

"አያ…"

"የእናቴን ሞት ከመንገደኛ አፍ አውቶቡስ ላይ ሰማሁ። የአንተን ደግሞ በጡሩምባ። ለሰው ዘመድ ሁሉ ሽማግሌ ትልካለህ ሲሉ እሰማለሁ። ለባዳው ሁሉ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔስ? እኔ ዘመድህ አይደለሁም?"

ይህ ሁሉ በማይክሮፎኑ ውስጥ እያለፈ በሰርግ ድምፅ ማጉያ ለሦስት ሰፈር ተሰማ። አያ ታደገ በአንድ እግር ጫማ ዞረው ሄዱ። ሕይወት ሮጣ ድምፁን ዘጋችው፤ ከዚያም ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። እሳቸውም ቢሆኑ ሌላውን ሰው ላለማስደንገጥ ብለው ነው የራሳቸውን ስም የጠሩት። የሚያስቆጨኝ ይኸው ነው፤ ጥፋተኛ ቢኖር እሱን ረግሜ ይወጣልኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አያ ስንሻው ሌላ ሰው ሆኑ። ጡሩምባቸውን አልተዉም፤ ጨዋታቸው ግን ጠፋ። ቤቴ እየመጡ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወሩት። "አየኸው አይደል? ለእኔ አለቀሰ እኮ። ጫማው ወልቆ ሮጠ እኮ" ይሉኛል። ፊታቸው ይበራል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠቁራል። "እኔ ነበርኩ የሚደነግጥ ዘመድ የለኝም ያልኩት።"

እርቅ ይጠየቅ አልን። ሽማግሌ እንድንሆን መሪጌታን፣ ደሳለኝንና እኔን መረጡ። እንደ አገራችን ወግ እኛ ገብተን ስንለምን እሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ከበር ውጭ ሊቆሙ፣ ታላቅ ወንድማቸው ይቅር ብለው "ይግባ" ሲሉ ሊገቡ ተስማማን። ድንጋዩን ራሳቸው መረጡት፤ ለዚያ ወገባቸው የማይሆን ትልቅ ድንጋይ ነበር። ደሳለኝ ትንሽ ድንጋይ ቢያመጣላቸው ተቆጡ። "የእናቴ መርዶ ይህን ታክላለች?" አሉት።

ቀን በቆረጥን ቁጥር ግን ያፈርሱታል። እኛ ገብተን የምንናገረውን ቃል እሳቸው ናቸው የሚያስጠኑን፤ ያስጠኑንና ራሳቸው አይወዱትም። "አይደለም፣ እንዲህ አትበሉ፤ ሰበብ ያስመስላል" ይላሉ። በማግስቱ ሌላ ቃል ይዘው ይመጣሉ፤ ያም ይቀራል። አንድ ቀን ተናድጄ "አያ ስንሻው፣ እርስዎ'ኮ ለከተማው ሁሉ ቃል አጥተው አያውቁም!" አልኳቸው።

"ሰው ሲሞት የሚባለውን አውቃለሁ" አሉኝ። "ሰው በሕይወት ሳለ የሚባለውን ግን አላውቅበትም።"

ጾሙ ይውጣ አሉ። ከዚያ አጨዳው ይለፍ አሉ። ከዚያ ሳሉ በረታባቸው፤ እየሳልኩ ይቅርታ አልጠይቅም አሉ። ወሬው እንደሁ በትንሽ ከተማ አይደበቅም፤ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን አያ ታደገም ሰምተው እንደነበር ኋላ አወቅን። በመጨረሻ፣ ቃሉ ይሁን አይሁን፣ የመጪው ቅዳሜ ጠዋት እንሂድ ብለን ቆረጥን። ያን ጊዜ አላፈረሱትም።

ሐሙስ ሌሊት አረፉ። የሚያስታምሟቸው ጎረቤት መጥተው ሲነግሩኝ ከአፌ የወጣው የእሳቸው ጥያቄ ነበር፤ ያልሰማ ዘመድ ማን አለ? አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስልክ የሚነካ እንዳይኖር፣ ቴሌግራም ላይ የሚጽፍ እንዳይኖር ጎረቤቱን ሁሉ ለመንን። ጎህ ሲቀድ መሪጌታ፣ ደሳለኝና እኔ ጋቢያችንን ለብሰን ከገበያው ማዶ ሄድን። መርዶውን መሪጌታ እንዲነግሩ ተስማምተናል። ቢያንስ ይህችን አንዲት ነገር በወጉ እናድርግላቸው ብለን ነው።

በሩን ሳናንኳኳ ተከፈተ። አያ ታደገ በመንገዱ መምጣታችንን አይተው ኖሯል። ሦስታችንንም አንድ በአንድ ሲያዩን ፊታቸው ተፈታ፤ እንዲያ ያለ ደስታ በሽማግሌ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

"ቅዳሜ አልነበረም እንዴ?" አሉ። "ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ያቆማችኋል? አንች፣ መቀመጫ አምጭላቸው!"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቶ ታደገ፣ የመጣንበት ነገር…"

"አይድከሙ መሪጌታ። ልመናም፣ ምንም አያስፈልግም። እኔ ያን ዕለት ስሮጥ ነው የታረቅሁት፤ አፌ ነው እንቢ ያለኝ።" ዓይናቸው ከእኛ አልፎ ወደ በሩ ሄደ። "ድንጋይ ተሸክሞ ውጭ ቆሞ ይሆን? በሉ አውርድ በሉት፤ ወገቡን ያመዋል። ጥሩት፣ ይግባ።"

ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ። ደሳለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አያ ታደገ ዝምታችን የሽምግልና ወግ መስሏቸው ፈገግ አሉና "እሺ፣ እንግዲያው ታላቅ ነኝና ራሴ ልጥራው" ብለው በመካከላችን አልፈው ወጡ።

ከአጥሩ ውጭ ቆመው የወንድማቸውን ስም ደጋግመው ሲጠሩ እኛ ውስጥ ሆነን እንሰማ ነበር።